ከኤሲው በፊት ጣሪያውን ይዩ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምንኖረው። ከግንቦት ጀምሮ ኤሲያችን ሌት ተቀን ስለሚሠራ የሞላነው የቆጣሪ ካርድ ቶሎ ያልቅብናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። ቆርቆሮ የድሬን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሙቀቱን ወደ ቤት ይለቀዋል፤ ኮርኒስ ከሌለዎት ኤሲው የሚታገለው ከጣሪያው ጋር ነው። ስለዚህ የቋጠሩት ገንዘብ ካለ ከአዲስ ኤሲ ይልቅ ለኮርኒስ ያውሉት፤ ቆርቆሮውንም ነጭ ያስቀቡት። ለምዕራቡ መስኮት ከውጭ በሸራ ወይም በሰሌን ጥላ ያብጁለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የውስጥ መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው።

ኤሲውን 18 ላይ ማድረግ ማሽኑን ያለ እረፍት ያሠራዋል እንጂ ክፍሉን እምብዛም ቶሎ አያቀዘቅዘውም። 26 ላይ አድርገው ቬንትሌተር ይጨምሩበት፤ ቬንትሌተር 70 ዋት ገደማ ሲፈጅ የመኝታ ቤት ኤሲ 1,000 ዋት አካባቢ ይወስዳል። አቧራው ማጣሪያውን ስለሚደፍነው በየሁለት ሳምንቱ አጥበው፣ አድርቀው ይመልሱት። ሊነጋጋ ሲል አየሩ ቀዝቀዝ ይላልና ኤሲውን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ፤ የትንኝ ወንፊት ግን አደራ፣ ደንጊ ቀላል በሽታ አይደለም። ፀሐይ ሳትበረታ መልሰው ይዝጉት።