በአስተናጋጅና በእንግዳ መካከል ስለሚገባ ሦስተኛ ሞለኪውል

በኬሚስትሪ ትምህርታችን ብዙ ጊዜ የምንማረው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። ዳሩ ግን በብርጭቆው ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንድ ትንሽ ሦስተኛ ሞለኪውል ሳይታሰብ ገብቶ የሁለቱን መተሳሰር ሊያላላ ወይም ሊያጠብቅ ይችላል። ይህን ነገር በሲክሎዴክስትሪን ምሳሌነት እንመልከት።

ሲክሎዴክስትሪን ከስታርች የሚገኝ ሲሆን፣ የግሉኮስ ክፍሎች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ቪሊዬ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1891 ነበር። 6 ግሉኮስ ያለው አልፋ፣ 7 ያለው ቤታ፣ 8 ያለው ጋማ ይባላል። ቅርጹ ታቹ የወለቀ ሲኒ ይመስላል። የውጭው ገጽ ውሃን ይወዳል፤ ውስጡ ግን ውሃን እምብዛም አይወድም። የቤታ የውስጥ ስፋት 0.6 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውሃን የሚሸሽና መጠኑ ልክ የሆነ ሞለኪውል ሲመጣ፣ በውስጡ የነበረውን ውሃ አስወጥቶ ይገባል። ሲክሎዴክስትሪኑ አስተናጋጅ፣ ገቢው እንግዳ ይባላል። እንግዳው የገባ እንደ ሆነ በዚያው ተቆልፎ አይቀርም፤ ይገባል፣ ይወጣል። የትኛው እንደሚያይል የሚነግረን የመተሳሰር ቁጥር ነው።

አሁን ሦስተኛውን እናስገባ። ፊኖልፍታሊን በሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ውስጥ ሮዝ መልክ አለው። ቤታ ሲክሎዴክስትሪን ሲጨመርበት ቀለሙ ይጠፋል፤ አስተናጋጁ ፊኖልፍታሊኑን ቀለም በሌለው መልኩ ይዞ ያስቀረዋልና። በዚህ ላይ አዳማንታን ካርቦክሲሌት ቢጨመር ቀለሙ ይመለሳል። አዳማንታን ድቡልቡል ስለ ሆነ በቤታ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ፊኖልፍታሊኑም ቦታውን ለቅቆ ይወጣል። ይህ ጠንካራ ተወዳዳሪ ነው፤ ጥቂቱ ይበቃል።

ደካማውም ተወዳዳሪ ግን የሚናቅ አይደለም። ኤታኖል ከቤታ ጋር ያለው የመተሳሰር ቁጥር በሊትር በሞል ሲለካ ወደ 1 ገደማ ብቻ ነው፤ የፊኖልፍታሊን ግን ከአሥር ሺህ በላይ ነው። ሆኖም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የኤታኖል ኃይሉ በብዛቱ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል፦ የተወዳዳሪውን ቁጥር በመጠኑ አባዝቶ 1 መደመር፤ ከዚያም የእንግዳውን እውነተኛ ቁጥር በዚህ ማካፈል። በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሞል፣ ማለት 46 ግራም ያህል ኤታኖል ቢኖር፣ አካፋዩ 2 ይሆናል። እንግዲህ የምንለካው ቁጥር ከእውነተኛው እኩሌታ ሆነ ማለት ነው። ፊኖልፍታሊንን የምናሟሟው በአልኮል መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ የራሳችን ጉዳይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሦስተኛው ሁልጊዜ አስወጪ አይደለም። ፒሬን የተባለው ሞለኪውል ለቤታ ሲኒ ሰፊ ስለ ሆነ በሚገባ አይቀመጥም። እንደ ተርት-ቡታኖል ያለ አልኮል ሲኖር ግን፣ አልኮሉ የተረፈውን ክፍት ቦታ ሞልቶ ፒሬኑን ከውሃ ይጋርድለታል፤ ሦስቱም አብረው ይቆማሉ። አንዱ አልኮል ለአንዱ እንግዳ ባላጋራ፣ ሌላው ለሌላው ደጋፊ ሆነ ማለት ነው። የሚወስኑት መጠን፣ ቅርጽና ብዛት ናቸው።

ይህ ነገር ከላቦራቶሪ ወጥቶ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይደርሳል። ሱጋማዴክስ ከጋማ ሲክሎዴክስትሪን የተሠራ መድኃኒት ነው፤ በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ በ2015 ተፈቀደ። ሥራውም ሮኩሮኒየም የተባለውን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በውስጡ ይዞ፣ በሽተኛው በራሱ ኃይል መተንፈስ እንዲችል መርዳት ነው። ነገር ግን በሽተኛው በዚያው ቀን ቶሬሚፊን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ወስዶ እንደ ሆነ፣ ቶሬሚፊኑ ሮኩሮኒየሙን ከቦታው አስለቅቆ የጡንቻውን ማገገም ሊያዘገይ ይችላል። በብርጭቆ ውስጥ ቀለም የመለሰው ሕግ በሰው አካል ውስጥ የትንፋሽ ጉዳይ ሆነ።

ስለዚህ በላቦራቶሪ ደብተራችን ላይ አስተናጋጁንና እንግዳውን ብቻ ጽፈን አንለፍ። ማሟሟያውን፣ ጨዉንና የአልኮሉን መጠን ጭምር እንመዝግብ። ሦስተኛው ያልተጻፈበት ቁጥር ለሌላ ሰው የማይረዳ፣ አንዳንዴም የሚያሳስት ቁጥር ነው።