የዛድ ምስጢር ቁጥራችን

በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው በየዕለቱ የምንገለገልበትን ዛድን ነው። ቴሌሶም አገልግሎቱን በ2009 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ በሐርጌሳ የሻዩም የቤት ኪራዩም ሂሳብ በስልክ ሆኗል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተራ ስልክ ይበቃዋል።

ችግራችን ቋንቋው ነው። ሶማሊኛ የማናነብ ሰዎች ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥተን «ላክልን» እንላለን፤ ባለ አራት አሃዙን ቁጥርም ጮክ ብለን እንነግረዋለን። እኛ አስተማሪዎቹም አድርገነዋል። በኋላ ሂሳባችን ጎድሎ ስናገኘው፣ ቁጥሩን ያልሰማ ስላልነበረ የምንጠይቀው ሰው አጣን።

ስለዚህ ሁለት ቃላት እናጥና። «ላምባርካ ሲርታ» የምስጢር ቁጥር ማለት ነው፤ «ሀራጋ» ደግሞ ቀሪ ሂሳብ። የመጀመሪያው ሲመጣ ስልኩን ተቀብለን ቁጥሩን በራሳችን ጣት እንጻፍ። 1234 ወይም የልደት ዓመት አይሁን። እስከ ዛሬ ሰው የሰማውን ቁጥር ዛሬውኑ እንቀይር።

ጉሊት የምትነግዱ እናቶችና እኅቶች፣ «ገንዘብ ገብቷል» የሚል መልእክት ማንም ሊጽፍ ይችላልና ቀሪ ሂሳባችሁን ሳታዩ ዕቃ አታስረክቡ።

ሲም ካርዳችን በሌላ ሰው ስም የወጣ ከሆነ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አናስቀምጥበት። ስልኩ ቢጠፋ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቀርበው ባለስሙ ነው።