መብረቅና የመሬት ሽቦ

የሚከተለውን ምንባብ በጽሞና አንብባችሁ፣ በመጨረሻ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

በክረምት ወራት መብረቅ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ሲወድቅ፣ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቤት ውስጥ ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ተቃጥሎ ይገኛል። መብረቁ ቤቱን ሳይነካ ዕቃው ስለ ምን ተበላሸ? ምክንያቱ፣ በመስመሩ ላይ በድንገት የተነሣው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሽቦው ተጉዞ ወደ ቤት መግባቱ ነው። ይህ የቮልቴጅ ንረት ይባላል። በኢትዮጵያ የቤት ዕቃዎች የሚሠሩት በ220 ቮልት ያህል ሲሆን፣ ንረቱ ግን ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ቮልት ሊደርስ ይችላል።

ገበሬ ማሳውን ጎርፍ እንዳይወስድበት ቦይ ይቆፍራል። የንረት መከላከያም ሥራው እንደዚሁ ነው። መከላከያው በኤሌክትሪኩ ሽቦና በመሬት ሽቦ መካከል ይገጠማል። ቮልቴጁ በልኩ ሲሆን መንገዱን ዘግቶ ይቆያል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን በቅጽበት ከፍቶ ትርፉን ወደ መሬት ያፈስሰዋል። ሆኖም ቦዩ መውጫ ከሌለው ጎርፉ ወደ ማሳው መመለሱ አይቀርም።

ይህን እውነት በሕይወቱ የከፈለበት ሊቅ አለ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ለማረጋገጥ ያቀረበው ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ1752 በፈረንሳይ አገር ተፈትኖ ትክክል ሆኖ ተገኘ። በ1753 ደግሞ ጌዎርግ ሪኽማን የተባለ ፕሮፌሰር በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ ከቤቱ ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ ተክሎ የመብረቅን ኃይል ለመለካት ተነሣ። ዘንጉ በክፍሉ ውስጥ ካለው መለኪያ ጋር ቢገናኝም ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። ነጎድጓድ በተነሣ ጊዜ ሪኽማን መለኪያውን ለማየት ጠጋ አለ። ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ያጣው ኃይል ወደ ግንባሩ ዘሎ ወዲያው ገደለው።

እንግዲህ መከላከያ ከመገጠሙ በፊት የቤቱ የመሬት ሽቦ፣ እርጥበት ባለው አፈር በጥልቅ ከተተከለ የብረት ወይም የመዳብ ዘንግ ጋር በሚገባ መያያዙ ይረጋገጥ። ገጠማው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያውም ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ፣ በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል። መከላከያው ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ከሚገባበት ሳጥን አጠገብ ይሁን። ማያያዣ ሽቦዎቹ በረዘሙ መጠን ወደ ዕቃዎቹ የሚያልፈው ቮልቴጅ ስለሚጨምር፣ አጭርና ቀጥ ያሉ ይሁኑ።

መከላከያ ለዘለዓለም አያገለግልም፤ እያንዳንዱ ንረት ያደክመዋል። መሥራቱን የሚያሳየው ምልክት ከተለወጠ ባለሙያ ይተካው። በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ የመሬት ሽቦው አለመበጠሱና ማያያዣው አለመላላቱ ይመርመር። መብረቅ ቤቱን በቀጥታ ቢመታ መከላከያው ብቻውን አያድንምና፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ይገባል፤ ከጀመረ በኋላ ግን ከሽቦና ከሶኬት መራቅ ይሻላል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። መከላከያ ገዝቶ ከመተማመን በፊት መሬት መንካቱን ማወቅ ይቅደም።

መልመጃ

ሀ. ጥያቄዎች
1. መከላከያው በምንባቡ ከምን ጋር ተነጻጽሯል? ስለ ምን?
2. ሪኽማን ለምን ሞተ?
3. ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ዕቃ ከሶኬት መንቀል ስለ ምን አይመከርም?

ለ. እነዚህን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ፦ ንረት፣ ቅጽበት፣ ትርፍ፣ ላላ።