የሚንቀሳቀስ ነገር መጀመሪያ መቆም ይማር
(የሙያ ትምህርት)

ሻርጃ ያለውን ሬይን ሩም አይተው የተመለሱ እህቶች «ዝናቡ እኛን እንዴት አወቀን?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ከዕለት ሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ በዚህ ገጽ ላስረዳ።

ሬይን ሩምን የሠሩት ለንደን ያሉት ራንደም ኢንተርናሽናል ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ባርቢካን ታየ፤ በ2018 ደግሞ በሻርጃ አርት ፋውንዴሽን በኩል እዚህ በቋሚነት ተከፈተ። ካሜራዎች ሰው ያለበትን ቦታ ይከታተላሉ፤ ኮምፒውተሩ ከሰውየው በላይ ያለውን ውኃ ይዘጋል። ማየት፣ መወሰን፣ ማድረግ፤ በቃ ይኸው ነው።

ሞተር ሲገባበት ግን ጥንቃቄው ይበዛል። አጅማን እኔ በምሠራበት ወርክሾፕ ለኤግዚቢሽን አንድ የብረት አበባ ሠርተን ነበር። ሰው ሲጠጋው ይከፈታል፣ ሲርቅ ይዘጋል። ክፍሎቹ አራት ናቸው፦

1. ሴንሰር፦ ሰው መቅረቡን ይናገራል።

2. ኮንትሮለር፦ ይወስናል። እኛ የተጠቀምነው አርዱዊኖ የሚባለውን ትንሽ ቦርድ ነው።

3. ድራይቨር፦ የአርዱዊኖ ኡኖ አንዱ እግር ከ40 ሚሊ አምፔር በላይ አይችልም። ሞተርን በቀጥታ እሱ ላይ ማሰር ቦርዱን ማቃጠል ነው። ድራይቨሩ ትንሿን ትእዛዝ ተቀብሎ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ትልቁን ኃይል ለሞተሩ ይሰጣል።

4. ሞተር፦ የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይሞላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሊሚት ስዊች ይገጠምለታል፤ እሱን እስኪነካ ሄዶ ከዚያ መቁጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለመክፈቻው አንድ ቀን ሲቀር ሁላችንም ተቻኩለን ነበር። አብሮን የሚሠራ ልጅ ብሎን ሊያጠብቅ እጁን አበባው ውስጥ አስገባ። ሴንሰሩ ፊት ቆሞ የነበረው ሰው ዞር ሲል አበባው መዘጋት ጀመረ። ቀዩን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ምንም! ለካ ፕሮግራሙ መዝጋቱን ሳይጨርስ ቁልፉን አያይም ነበር። ሶኬቱን እስክነቅል ድረስ የልጁ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። ቁልፉን እንደዚያ ያሰርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሕግ አለኝ።

አንደኛ፣ ቀዩ ቁልፍ ፕሮግራሙን አይለምንም፤ የሞተሩን ኃይል ራሱ ይቆርጣል። ሳይጫኑት ዝግ ሆኖ የሚቆይ ኮንታክት ይሁን፤ ያን ጊዜ ሽቦው ቢበጠስም ሞተሩ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ የተንጠለጠለ ነገር ኃይሉ ሲቆረጥ ሊወድቅ ይችላልና፣ መብራት ሲጠፋ ጨምድዶ የሚይዝ ብሬክ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። የነቀለውም ሰው ሥራው እስኪያልቅ ከእጁ አይልቀቀው።

ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ቀዩ ቁልፍ የእኛ መከታ ነው። አለቃ «ቶሎ በሉ» ሲለን ዝም የምንለው ሥራ እንዳናጣ ብለን ነው። ግን ወገኖቼ፣ ያለ ጣት ማን ይቀጥረናል?

ለመወያያ፦
1. በሥራ ቦታችሁ ያለው ቀይ ቁልፍ ኃይሉን በእርግጥ ይቆርጣል? ማን ሞክሮታል?
2. «ቆይ፣ ይጥፋ» ለማለት የሚከለክለን ምንድን ነው?

ጌታ እጃችሁን ይጠብቅ።