ኮምፒዩተር ከተጸዳ በኋላ አልበራ ቢል

በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና በሚሰጣበት ወራት ትቢያ ይበዛልና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር መጸዳት ያስፈልገዋል። ከተጸዳ በኋላ አልበራ ቢል ግን፥ የልጆች ውጤት ተጽፎበት ሳለ፥ ሞተ ብሎ መጣል አይገባም። ብዙ ጊዜ ሲጠረግ አንዱ ዕቃ ከስፍራው ተነቃንቆ ነው። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ በተራ ይመርመር።

1ኛ፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀል። ከበስተኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ቢኖረው በ230 ላይ መሆኑ ይታይ። ያገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነውና፥ ወደ 115 ተዛውሮ ቢበራ ዕቃው ይቃጠላል።

2ኛ፤ እርጥበት ነክቶት እንደ ሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ።

3ኛ፤ ክዳኑ ሲከፈት አስቀድሞ የሣጥኑን ብረት መንካት ይገባል፤ በሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ረቂቁን ዕቃ ያበላሻልና።

4ኛ፤ ራም የተባለው የማስታወሻ ሰሌዳ ይነቀል፤ ቢጫው ጥርሱም በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብሎ ይታሽ፤ ብናኙ ተጠርጎ ጠቅ እስኪል ድረስ ወደ ስፍራው ይመለስ። ኮምፒዩተሩ እየጮኸ ሞኒተሩ ቢጨልም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ፓወር ሰፕላይ የተባለው ሣጥን ግን ከቶ አይከፈት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰውን የሚጎዳ ኃይል በውስጡ ይቀራል።

አስተማሪው ይህን በተማሪዎች ፊት ቢያደርግ፥ ልጆቹ ከመፍረድ በፊት መመርመርን ይማራሉ።