ሙቀት ሲሆን መስኮት ሳንዘጋ ቢምቢን እንዴት እንከላከል?



ከየካቲት እስከ ግንቦት ኡራኤልና ካዛንቺስ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ማታ ቤቱ ይታፈናል። መስኮት ስንከፍት ቢምቢ ይገባል፤ ስንዘጋ እንቅልፍ የለም። ምን ይሻላል?»

አጭሩ መልስ ይኸውና፦ መስኮቱን አይዝጉት፣ ወንፊት ያድርጉለት። ለምን እና እንዴት የሚለውን አብረን እንይ።

🔹 መዝጋቱ ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ቡና ተፈልቶ ምድጃው ላይ የቀረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ በዚያው ሊቀር ይችላል። ወንፊት ቢኖርም እንኳ ከመተኛትዎ በፊት ፍሙን ወደ ውጭ ያውጡ። ለቢምቢ ተብሎ የሚጨሰው ጥቅልልም ክፍሉ ሲዘጋ ሳንባን ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ሳንባ ነቀርሳ ነው። አየር በማይዘዋወርበት ክፍል በቀላሉ ይተላለፋል።

🔹 የኡራኤል ቢምቢ ወባ ታስይዛለች?

በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። ኡራኤል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚህ የምትነክስዎ ቢምቢ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቷ ማሳከክና እንቅልፍ መንሳት ነው። ዝንብ ግን ከቆሻሻ ላይ ተነሥቶ ምግብ ላይ ሲያርፍ ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ የኩሽናውን መስኮት አይርሱት።

ችግሩ ቅዳሜና እሑድን ወይም በዓልን ወጣ ብለን ስናሳልፍ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሦስቱም ሐይቅ ዳር ናቸው፤ በሦስቱም አካባቢ ወባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

«ወባ የገጠር በሽታ ናት» የሚለውም አሁን አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2022 ደግሞ በድሬዳዋ ከተማ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ውስጥ ትራባለች።

🔹 ወንፊት በእርግጥ ይሠራል?

አዎ፣ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሳምቦን እና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ጣሊያን ውስጥ ኦስቲያ አጠገብ ወባ በበዛበት ረግረግ ቦታ መስኮቱና በሩ በወንፊት የተሸፈነ የእንጨት ቤት ውስጥ ለወራት ኖሩ። ቀን እንደ ልባቸው ውጭ ይውላሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ። ለወባ መከላከያ የሚሆን መድኃኒት አልወሰዱም፤ ወባም አልያዛቸውም።

በአገራችንም አርባ ምንጭ አጠገብ በቻኖ ቀበሌ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በርና መስኮታቸው ወንፊት በተደረገላቸው ቤቶች ውስጥ የወባ ትንኝ ቁጥር በ40 በመቶ ቀንሷል። 40 በመቶ ማለት ግን 100 ማለት አይደለም። ወባ ባለበት አካባቢ የሚያድር ሰው ወንፊት ቢኖርም በአጎበር ውስጥ ይተኛ።

🔹 እንዴት ይሠራ?

✅ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከዚያ የሰፋው ዝንብ እንጂ ቢምቢ አያስቆምም።

✅ አሉሚኒየም መስኮት የሚሠሩ ባለሙያዎች በፍሬም ይሠሩታል። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ስስ ቱል ጨርቅ ከመስኮቱ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡና በሚጣበቅ ቬልክሮ ዙሪያውን ይግጠሙት። ቤት ሲለቁ ነቅለው ይወስዱታል።

✅ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተትና የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማስወጫ አይርሱ። ትልቁ መስኮት ተሸፍኖ ትንሿ ቀዳዳ ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው።

✅ አቧራ ሲደፍነው አየር አያሳልፍም። በየወሩ በውኃና በሳሙና ይጠቡት።

✅ ቬንትሌተር ካለዎት ወደ አልጋው ያዙሩት። ቢምቢ ነፋስ ላይ መብረር ይከብዳታል።

✅ የውኃ ማጠራቀሚያዎን ይክደኑ። ቢምቢ የምትራባው እዚያ ነው።

⚠️ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፦ ወንፊት ሕፃን አያስቆምም! ልጅ ተደግፎበት ተነቅሎ ይወድቃል። ልጆች ካሉ ብረት ይኑረው፤ አልጋና ወንበር ከመስኮቱ ሥር ይራቅ።

🔹 ጀልባ ላይ ለሚሆኑ

ጣና ላይ ገዳማቱን ለማየት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ለመሻገር ወይም ጫሞ ላይ አዞ ለማየት ስትወጡ ጀልባው ውስጥ ስለሚሞቅ መስኮቱ ክፍት ነው። ቀን ላይ ብዙ አያስጋም፤ የወባ ትንኝ ዋና ሥራዋ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ፦

👉 የመዝናኛ ጉዞ ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ።

👉 ማምሸት ግድ ከሆነ ከመጨለሙ በፊት ያንኑ ባለ ቬልክሮ ቱል መስኮቱ ላይ ይግጠሙ። በአንድ ጉተታ የሚነቀል ይሁን፤ አደጋ ቢመጣ መውጫዎ መስኮቱ ሊሆን ይችላል። በምስማር በፍጹም አይምቱት።

👉 ጀልባው የሚያድር ከሆነ ደንገልና ረግረግ ካለበት ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ እንዲቆም ይጠይቁ።

👉 የውስጡን መብራት ይቀንሱ። ለቢምቢ ዋናው ስሕበት ትንፋሻችንና የሰውነታችን ሽታ ቢሆንም ሌሎች በራሪዎች በብርሃን ይሰበሰባሉ።

👉 እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፤ ልብስ ባልሸፈነው ቆዳ ላይ ዲት ያለበትን መከላከያ ይቀቡ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን አይቀባም፤ ለእሱ አጎበር ነው።

🔹 ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ

ወባ እንደተነከሱ ወዲያው አይጀምርም። ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይታያል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ወራት ቆይቶም ሊነሣ ይችላል። ያኔ እርስዎ ኡራኤል ቤትዎ ነዎት፤ ጉዞውን ረስተውታል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ሲመጣ «ጉንፋን ነው» ወይም «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ቀናት ይባክናሉ። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል።

ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማዎት በዚያው ቀን ይመርመሩ። ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ «ከሦስት ሳምንት በፊት ሐይቅ ዳር አድሬ ነበር» ይበሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች። ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት ገዝተው አይጀምሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ለበዓል ወደ ቆላ ሊወርድ ላሰበ ወዳጅዎ ይህን ያጋሩለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን።

ጤናችሁ ይብዛ!