ቅጠል ሲጠፋ አጋዘን የት ይሄዳል?

በዚህ ትምህርት የዱር እንስሳ መኖና አደን እንዴት እንደሚገናኙ እንመለከታለን። ምሳሌ የምናደርገው የደጋ አጋዘንን ነው። ምስሉ በ1969 ዓ.ም. በተሠራው የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ላይ አለ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በአገራችንም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባለው ደጋ ብቻ ነው፤ ይልቁንም በባሌና በአርሲ ተራሮች። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። የውጭ አገር ሊቃውንት ያወቁት ከእ.ኤ.አ. 1908 ወዲህ ነው። የባሌ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፤ ማንም አላስተማረውም።

አጋዘን እንደ በሬ ሣር ብቻ የሚግጥ አይደለም። ይበልጥ የሚበላው የቁጥቋጦ ቅጠል፣ ለጋ ቀንበጥና ልዩ ልዩ ተክል ነው። ዝናብ ሲጥል ይህ ሁሉ በየቦታው ይበቅላል። መኖው ከተበተነ አጋዘኑም ይበተናል፤ ሁለት እዚህ፣ ሦስት እዚያ። ይሰባል፣ ጠጉሩም ያምራል፤ ለአዳኝ ግን በቀላሉ አይታይም። ከኅዳር በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በባሌ ደጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሣሩ ይደርቃል። አጋዘኑ ልምላሜ ወዳልጠፋበት ጫካና ወደ ውኃ ዳር ይጠጋል። ከብቱም የሚነዳው ወደዚያው ነው። መኖ ሲያጥረው ማሳ ውስጥ የሚገባም አለ።

ታዲያ በዚህ ጊዜ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሃያ አጋዘን ያየ ሰው «ዘንድሮ አጋዘን በዝቷል» ይላል። አልበዛም፤ ተሰበሰበ እንጂ። በበጋ የመንደሩ ከብት ሁሉ በአንዲት ምንጭ ዙሪያ ሲቆም ከብታችን ጨመረ እንላለን? አንልም። አዳኝ ግን በዚህ ይታለላል። ብዙ ያየ እየመሰለው ያለውን ሁሉ ይፈጃል።

ሌላም ነገር አለ። አጋዘን በብዛት የሚጠቃው በታኅሣሥ ግድም ነው። ሴቷ ስምንት ዘጠኝ ወር አርግዛ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ትወልዳለች። ለምን ያን ጊዜ? ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ነው፤ እናቲቱ ካልበላች ወተት ከየት ይመጣል? እንግዲህ በጥርና በየካቲት የከሳችውን ሴት አጋዘን የገደለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነፍስ ያጠፋል። የሚያገኘው ሥጋም ጥቂት ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ጅራቱ ከሥር ነጭ የሆነ የአጋዘን ዓይነት አለ። በመከር ወራት ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ የበሉጥ ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬው የሚረግፈው በመከር ነው፤ የአደኑ ወራትም በሕግ ተወስኖ የሚከፈተው ያን ሰሞን ነው። ፍሬ በበዛበት ዓመት አጋዘኑ ከጫካው አይወጣም፤ እዚያው ከዛፉ ሥር ይጠግባል። በማሳ ዳር ያደፈጠው አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፍሬ በጠፋበት ዓመት ደግሞ አጋዘኑ ምግብ ፍለጋ ወደ ማሳ ይወጣል፣ በጥይትም ይመታል። ስለዚህ በብዙ ቦታ የመንግሥት ባለሙያዎች በየዓመቱ የፍሬውን መጠን ያያሉ። እኛም ይህን ልማድ ወደነዋል።

ወደ ባሌ እንመለስ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ጠፋ፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረው አጋዘን አብዛኛው በጥይት አለቀ። የተረፈው ለመራባት ዓመታት ፈጀበት። ዛሬም ቢሆን ከመጥፋት አደጋ አልወጣም። በፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭም ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን የሚያድነው ያደገውን ወንድ ነው።

ገበሬ ማሳው ሲበላበት ዝም ይበል አንልም። ልጆቹን የሚመግበው ከዚያችው ማሳ ነው። ነገር ግን የአስታው ጫካ በየበጋው ከተቃጠለ፣ ቁጥቋጦውም ለማገዶ ካለቀ፣ የተራበው አጋዘን ከማሳችን ሌላ ወዴት ይሄዳል? ከማሳው በላይ ያለውን ጫካ ለአጋዘኑ መተው፣ ሰብሉ እስኪሰበሰብ በየተራ መጠበቅ፣ ጉዳቱንም ለወረዳው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችሁ ያለው የዱር እንስሳ ወደ ማሳ የሚመጣው በየትኛው ወር ነው? በዚያ ወር በጫካው ውስጥ ምን ምግብ ይጠፋል? በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከጎረቤቶቻችሁም ጋር ተወያዩበት።